የሉዶልፍ መምህር ማን ነበሩ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ። ሦስቱ ስለ መጻሕፍትና ስለ ሊቃውንት፣ አንዱ ስለ ቤተ እስራኤል መነኮሳት፣ አንዱ ደግሞ «ኦሪት» ስለሚለው ስም ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ልጄ እዚህ ከተማ ኖሮ ስላለፈው ስለ ሂዮብ ሉዶልፍ አንብቦ ‹ይህ ጀርመናዊ አማርኛን ከማን ተማረው?› ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁለት። አስተማሪው ካቶሊክ የሆነ ኢትዮጵያዊ ነበር የሚባለውስ እውነት ነው?» — አንዲት እናት፣ ከፍራንክፈርት

ልጅዎ የጠየቀው እኛ አዋቂዎቹ ልንጠይቀው የሚገባንን ነው። መምህሩ አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። የተወለዱት በ1595 ገደማ፣ ዛሬ ወሎ በምንለው አገር፣ በአምሐራ መካነ ሥላሴ ነው። ግዕዙን በአገራቸው ሥርዓት ተምረዋል፤ አማርኛው የእናት ቋንቋቸው ነው። ካቶሊክ ነበሩ ወይ ላሉት፣ አዎን፣ ነበሩ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያኑ፣ ከካቶሊክ ሚስዮናውያኑ፣ ጋር ቆሙ፤ በ1632 የቀደመው ሃይማኖት ተመልሶ ዐፄ ፋሲለደስ ከነገሡና ኢየሱሳውያኑን ካባረሩ በኋላም አገር ለቀው ከወጡት መካከል ሆኑ። በመጨረሻ ያረፉት ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ የተሰጠች ነበረች፤ ዛሬም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ቆማለች።

ሉዶልፍ እዚያ የደረሰው በ1649 ነው። የኤርፈርት ልጅ ነው፤ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖታል። ወደ ሮም የላኩት የስዊድን መንግሥት የሚፈልጋቸውን ሰነዶች እንዲያፈላልግ ነበር። እሱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ግዕዝን በመጽሐፍ ብቻ፣ ያለ መምህር፣ ሲታገለው ኖሯል። አንድም ጊዜ ቋንቋው ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። ወደ ሐበሾቹ ማረፊያ ሄዶ መማር እንደሚፈልግ ነገራቸው። የብራና መጽሐፍ አምጥተው እስቲ አንብብ አሉት። ሲያነብ በሳቅ ፈነዱ። ፊደሉን ያውቀዋል፤ ድምፁን ግን ከየት ያምጣው? «ጸ»ን፣ «ቀ»ን፣ «ጠ»ን የሚያስተምር ወረቀት የለም። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቃቸው ወደ አድናቆት ተለወጠ። አባ ጎርጎርዮስም ሊያስተምሩት ተቀበሉት።

ንባብ ቤት ገብቶ የኔታ ፊት ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ትዕይንት በደንብ ያውቀዋል። ተማሪው ጮክ ብሎ ያነባል፣ መምህሩ ይሰማሉ፣ የወደቀውን ድምፅ ያነሣሉ፣ ደግሞ ያስነብባሉ። በሮም የሆነው ከዚህ አይለይም። ልዩነቱ ተማሪው አውሮፓዊ የሕግ ሰው መሆኑ ብቻ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ ሉዶልፍ በጎታ መስፍን በኤርንስት ቤት ሲያገለግል ስለ መምህሩ ለመስፍኑ ነገረው፤ አባ ጎርጎርዮስም ተጋበዙ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳው እየተጠጋ ሳለ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ጀርመን ገቡ። ፍሪደንሽታይን የሚባለው የመስፍኑ ቤተ መንግሥት ገና ግንባታው አላለቀም ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያ ተቀመጡ። ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ስለ አገሩ ሁሉ ነገር ይጠየቃሉ፤ ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍ ይጽፋል። መስፍኑ የሉተር ተከታይ ናቸው፤ እንግዳው ከካቶሊኮች ጋር የተሰደዱ ካህን ናቸው፤ የሚያስረዱት ደግሞ የእነዚያን የማንኛቸውንም ሳይሆን የአገራቸውን የተዋሕዶን ሥርዓት ነው። ሉዶልፍም ያንን ሁሉ አምኖ ተቀብሏቸዋል፤ በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ «ጎርጎርዮስ እንዲህ ነገረኝ» እያለ ደጋግሞ ይጠቅሳቸዋል።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሮም ከተመለሱ በኋላ መምህርና ተማሪው በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። ደብዳቤዎቹ ሳይጠፉ ቆይተው ታትመዋል። አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ለማየት መንገድ ጀምረው ሳለ በ1658 መርከባቸው ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር፣ በእስክንድሮን ባሕር አጠገብ ተሰበረችና ሰጥመው አረፉ። ኢትዮጵያን ዳግመኛ አላዩም።

የሉዶልፍ ታላላቅ መጻሕፍት የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የታሪኩ ማብራሪያ በ1691፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698። ይህ የመጨረሻው መምህሩ ካረፉ ከአርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለግዕዙ ከሉዶልፍ በፊትም የጻፉ ነበሩ። የአማርኛው ግን ፈር ቀዳጅ ነው፤ የቆመውም በአንድ የአምሐራ ሰው አንደበት ላይ ነው።

ስለዚህ ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ ሉዶልፍ ታላቅ ሊቅ ነው፤ የመምህሩን ስም ያልደበቀ ተማሪም ነው። በ1691ዱ መጽሐፉ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አስቀርጾ አትሟል። እኔን የሚቆጨኝ የኛው ዝምታ ነው። «የኢትዮጵያ ጥናት አባት ሉዶልፍ» ብለን በቃላችን እንወጣዋለን፤ መምህሩን ግን ከካቶሊኮች ጋር ስለሄዱ ይሁን ባሕር ስለበላቸው ይሁን አናነሣቸውም። ሰው በሃይማኖት ከኛ ተለየ ተብሎ ለቋንቋችን የዋለው ውለታ አይሰረዝም። ከተማዎ ካሉት ቤተ መጻሕፍት ወደ አንዱ ሄዳችሁ የዚያን የ1691ዱን መጽሐፍ ምስል ለማየት ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

«በማተሚያ ቤት ለብዙ ዓመት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ የትኛው ነው? ፊደሉን የለቀመውስ ማን ነበር?» — ጡረተኛ፣ ከአዲስ አበባ

የመጀመሪያው የዳዊት መዝሙር ነው፤ ሮም፣ 1513። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ቄስ ነው። ኢትዮጵያውያን ሮም ውስጥ ሲጸልዩ ሰምቶ ነገሩ ገረመው፤ ከመካከላቸው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባሉት አስተማሩት። ፖትከን ግን ቋንቋውን የከለዳውያን ነው ብሎ አሳተመው፤ ይህ ስሕተት በአውሮፓ መጻሕፍት ላይ ለብዙ ዘመን ተለጥፎ ኖሯል።

እርስዎ በሙያዎ ይበልጥ የሚወዱት ግን ሁለተኛው ታሪክ ይመስለኛል። አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። በግራኝ ጦርነት ዘመን አገር ሲቃጠል፣ መጻሕፍትም ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር አመድ ሲሆኑ፣ በኢየሩሳሌም አድርገው ሮም ገቡ። ማረፊያቸው ያችው ከላይ ያነሣኋት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ናት። ፈረንጆች «ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ» ይሏቸዋል። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሦስተኛ ድጋፍ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ዋናው ክፍል በ1548፣ ቀሪዎቹ የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት በ1549 ወጡ። ቅዳሴም አብሮ ታትሟል።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። ፊደሉን የለቀሙት የሮም ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። አንዲት የግዕዝ ቃል ማንበብ አይችሉም! መነኮሳቱ ደግሞ ግዕዙን እንደ ውኃ ያነቡታል፣ የእርሳስ ፊደል መደርደር ግን ከየት ይምጣላቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ለአንባቢ የጻፉት ይቅርታ አለ። አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ የዚህን እትም ግድፈት በክፉ አትዩብን ይላሉ፤ የለቀሙት ሰዎች ማንበብ አያውቁም፣ እኛም መልቀም አናውቅም፤ እኛ እነርሱን እየረዳን፣ እነርሱ እኛን እየረዱ፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ሆነን ሠራነው፤ ስለዚህ ለእነርሱም ለእኛም ይቅር በሉ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማደንቀው እውነተኛነታቸውን ነው። በግብረ ሐዋርያት ላይም እንዲሁ አድርገዋል። በእጃቸው የነበረው የግዕዝ ቅጂ ጎደሎ ስለነበረ አብዛኛውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ መልሰው ሞሉት፤ ይህንንም ሳይሸሽጉ ጻፉ። ከዚያ እትም ጋር የተጋፈጠ ተመራማሪ ሁሉ የትኛው ጥንታዊ፣ የትኛው ሮም ውስጥ የተሞላ እንደሆነ የሚለየው እነርሱ ራሳቸው ስለነገሩት ነው። ስንት አሳታሚ ይህን ያደርጋል?

አባ ተስፋ ጽዮን ገና በጎልማሳነት ዕድሜ ከሮም አጠገብ በቲቮሊ አረፉ፤ መቃብራቸውም በዚያችው በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ከእሳቸው የተማረው ማርያኖ ቪቶሪዮ በ1552 አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያውን የግዕዝ ሰዋስው አሳተመ። እሱንም አንዳንዶቻችን «የመጀመሪያው» እያልን ስንጠራው መምህሩን እንረሳቸዋለን።

«ኦሪት አምስት ነው ስምንት? በሰንበት ትምህርት ቤታችን ክርክር ሆኖብናል።» — ከአዳማ

ሁለታችሁም ተሳስታችኋል የሚያሰኝ ነገር የለም። የሙሴ መጻሕፍት አምስት ናቸው። የአገራችን ብራናዎች ግን ከዘፍጥረት እስከ ዘዳግም ያሉትን ከኢያሱ፣ ከመሳፍንትና ከሩት ጋር በአንድ ጥራዝ ይይዛሉ፤ «ብሔረ ኦሪት» ሲባልም ስምንቱ ናቸው። ቤተ እስራኤልም ኦሪት የሚሉት ይህንኑ የግዕዝ ጥራዝ ነው። ስሙ የመጣው ከአራማይክ «ኦራይታ» ነው፤ ሕግ፣ ትምህርት እንደማለት። «ምጽዋት»ም «ዐርብ»ም በዚያው መንገድ የገቡ ናቸው። ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ፤ ይልቅ ሩትን አንብቡ፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ናት።

«አያቴ ጎንደር ሳሉ ‹መሎክሴ› ስለሚባሉ ከሰው ተለይተው ስለሚኖሩ አባቶች ይነግሩኝ ነበር። እዚህ ጓደኞቼ ‹በአይሁድ ዘንድ መነኩሴ የለም› ይሉኛል። አያቴ ዋሽተውኛል?» — ከናታንያ

አያትዎ እውነት ነግረውዎታል። ጓደኞችዎም በሚያውቁት መጠን ትክክል ናቸው፤ በረቢዎች ትምህርት በተመራው አይሁድነት ውስጥ ምንኩስና የለም። በቤተ እስራኤል ግን ነበረ፣ ለዘመናትም ቆይቷል። መሎክሴዎቹ ከመንደሩ ወጣ ብለው በታጠረ ቦታ ይኖራሉ። አያገቡም። ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ንጽሕናቸውን እንዳያጎድሉ ከሌላው ሰው ጋር አይነካኩም። ካህናቱን የሚያስተምሩት፣ መጻሕፍቱን የሚገለብጡት፣ ጸሎቱን የሚያቀኑት እነርሱ ናቸው። ጸሎቱ በግዕዝ ነው፤ ውስጡ የአገውኛ ቃላትም አሉበት።

የምንኩስናው መሥራች ተብለው የሚጠሩት አባ ጸብራ ናቸው፤ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን። በቃል የሚወርደው ታሪክ አባ ጸብራ መጀመሪያ ክርስቲያን መነኩሴ እንደነበሩ፣ ቤተ እስራኤልን ሊያስተምሩ ሄደው በእነርሱ እምነት እንደጸኑ፣ የንጉሡ ልጅ ጸጋ አምላክም ተከትሏቸው ደቀ መዝሙራቸው እንደሆነ ይናገራል። መኖሪያቸው ሆሃርዋ የተሳላሚ ስፍራ ሆኖ ኖሯል። የንጉሥ ልጅ ነበር የሚለውን እንደ ታሪክ ሰነድ ሳይሆን እንደ ቅዱሳን ገድል ውሰዱት። ማኅበረሰቡ ለመነኮሳቱ ምን ያህል ክብር እንደሰጠ ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከአባ ጸብራ ይልቅ እኔ ስማቸው ይነሣ የምለው ግን አባ ይስሐቅን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የሆሃርዋ አባት ነበሩ። በጣሊያን አገር፣ በፓዶቫ፣ ፊሎክሴኖ ሉዛቶ የሚባል ወጣት ነበር፤ የታወቀው የዕብራይስጥ ሊቅ የሳሙኤል ዳዊት ሉዛቶ ልጅ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ ሰማና ልቡ ተነካ። በኢትዮጵያ ይዘዋወር ለነበረው ለፈረንሳዊው ለአንትዋን ዳባዲ የጥያቄ ዝርዝር ላከለት። ዳባዲ ጥያቄዎቹን ለአባ ይስሐቅ አቀረበ። መልሶቹ በ1851 ፓሪስ ውስጥ በአንድ የአይሁድ መጽሔት ታተሙ።

እስቲ አስቡት፤ ታጥረው የሚኖሩ፣ ከውጭ ሰው እጅ እህል የማይቀምሱ መነኩሴ በግዕዝ ኦሪታቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ አይተውት ለማያውቁት ለፓዶቫ ልጅ ስለ ሰንበታቸውና ስለ በዓላቸው ሲመልሱ። ሁለቱ አልተገናኙም። ፊሎክሴኖ በ1854፣ በሃያ አራት ዓመቱ ሞተ። አይሁዳዊው ሊቅ ጆሴፍ ሃሌቪ ኢትዮጵያ ሄዶ ቤተ እስራኤልን የጎበኘው ከዚያ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ታሪኩን ከሃሌቪ ይጀምራል። ከአባ ይስሐቅ ቢጀምር ፍትሐዊ ይሆናል።

አያትዎ በሕይወት ካሉ፣ መሎክሴዎቹን በዓይናቸው አይተው እንደሆነ፣ የቦታውን ስምና የአባቶቹን ስም ጠይቀው ይጻፉት። ቄሶቹ እስራኤል ገብተዋል፤ ምንኩስናው ግን አልቀጠለም። የቀረው በአዛውንት አፍ ላይ ያለው ነው።

«በአያቴ ሳጥን ውስጥ የቆየ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ዘመዶቻችን ‹እንግሊዞች የተረጎሙት ነው› ይላሉ። ፈረንጅ እንዴት ይህን የመሰለ አማርኛ ይጽፋል?» — ከደብረ ማርቆስ

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው፤ አልጻፈውም። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው የጻፉት አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ብዙ አገር የዞሩ ሰው ናቸው፤ ኢየሩሳሌምን ተሳልመዋል፣ እስከ ህንድ ተጉዘው ዝነኛውን ሊቅ ዊሊያም ጆንስን አስተምረዋል ይባላል። ካይሮ ውስጥ ታመው ሳለ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስላ አስለን ደ ሸርቪል አገኛቸው፣ አስታመማቸው፣ ከዚያም አብረው ሥራ ጀመሩ።

አሠራራቸውን አስለን ራሱ ተርኮታል። ለአሥር ዓመት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የአስለን ቤት በር ለእንግዳ ይዘጋል። የዐረብኛውን ትርጉም ጥቅስ በጥቅስ በዝግታ ያነባሉ። የከበደ ቃል ሲያጋጥም አስለን የዕብራይስጡን፣ የሱርስጡን፣ የግሪኩን እያየ ያስረዳል። ከዚያ አቡ ሩሚ ያንን በአማርኛ ያስቀምጡታል። ሲጨርሱ 9,539 ገጽ ሆነ፤ ሁሉም በአቡ ሩሚ እጅ። ቁጥሩን ደግመው ያንብቡት። ብዕርና ቀለም ይዞ የጻፈ ሰው ብቻ ነው ክብደቱ የሚገባው።

አቡ ሩሚ በ1819 ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ አረፉ፤ አንዲት የታተመች ገጽ ሳያዩ። በዓመቱ የብሪታንያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን በ1,250 ፓውንድ ገዛው። እንግሊዞቹ የገቡበት እዚህ ላይ ነው። ቶማስ ፔል ፕላት የሚባል ሊቅ ለኅትመት አዘጋጀው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 ወጣ። ሚስዮናውያኑ ወደ ኢትዮጵያ ይዘውት የገቡት ይህንን ነው። በኋላም ሚስዮናዊው ክራፕፍና ሌሎች አርመው እንደገና አሳትመውታል። ስለዚህ ዘመዶችዎ «እንግሊዞች ገዝተው ያሳተሙት» ቢሉ ያስኬዳል፤ «የተረጎሙት» ግን አያስኬድም።

የእርስዎ መጽሐፍ የትኛው እትም እንደሆነ ለማወቅ የመጀመሪያውን ቅጠል ገልጠው የታተመበትን ከተማና ዓመተ ምሕረት ይመልከቱ። ቅጠሉ ከተቀደደ፣ ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድን በንጹሕ ወረቀት እንዳለ ገልብጠው ይላኩልን፤ ከ1840ው ጋር አስተያይቼ በሚቀጥለው እትም እመልስልዎታለሁ። መጽሐፉን ራሱን ግን በፖስታ እንዳይልኩ አደራ።